የጓሮ አትክልት ምርት በገበያ ሚዛን ብቻ አይለካ

(አስተያየት፤ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት)

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ ብዙም ሳይርቅ የጣራ ገዳም ደን ይገኛል። በዙሪያው ያለው መሬት አብዛኛው ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር ይህ ደን በገዳሙ ተጠብቆ ለዛሬው ትውልድ ደርሷል። በገዳም ሥርዓት መነኩሴ ጸሎቱን ከእጅ ሥራ፣ ከእርሻና ከአትክልት ጋር አጣምሮ መኖሩ የቆየ ልማድ ነው። አባቶች አፈር መቆፈርንና ተክል መንከባከብን ሆድ መሙያ ብቻ አድርገው አላዩትም፤ መንፈስን የሚያረጋጋ ሥራም ነው ብለው ይዘውታል። እኛ ግን በግብርና ኤክስቴንሽን ሥራችን ይህን ጎኑን ዘንግተነዋል።

በአንድ ወቅት በአንዲት እናት ጓሮ ቆሜ መዝገብ ስሞላ፣ «እማማ፣ ዘንድሮ ከጎመኑ ስንት ብር አገኙ?» ስል ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ የሸጥኩትን ትጠይቀኛለህ፤ የበላነውን ግን አትጠይቀኝም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። በያዝኩት ቅጽ ላይ የተሸጠው በኪሎና በብር የሚሞላበት ቦታ ነበረ እንጂ የተበላው የሚጻፍበት መሥመር አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከዚህ ይነሣል። የጓሮ አትክልት ከሁሉ አስቀድሞ የጤና ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የሚሰጠው ጤና ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ለከተማው ጡረተኛ፣ ለገበሬው ቤተሰብና ሐዘን ለደረሰበት ሰው ጥቅሙ ይለያያል። ያለ አሳብ ከተተከለ ደግሞ ጤና ሊነሣም ይችላል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው «ምን እንትከል?» ከማለቱ በፊት «ለማን ነው የምንተክለው? ሥራውስ በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

፩. ጓሮው ለማዕድ

ደቡብ ጎንደር እህል አብቃይ አገር ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት፣ የፋርጣና የጋይንት ደጋ ድንችና ገብስ ያበቅላሉ። ይሁንና በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 46 ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ ማለትም የቀነጨሩ ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ 38 ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የክልሉ ወደ 41 ዝቅ ቢልም ከአገሪቱ አማካይ በላይ እንደሆነ ቀርቷል። ለዚህ ችግር መንሥኤው ብዙ ነው፤ የውሃ ንጽሕና፣ በሽታና የእናቶች ጤና ሁሉ ድርሻ አላቸው። ጎተራ ሞልቶ ልጅ የሚቀነጭርበት አንዱ ምክንያት ግን ማዕዱ በእንጀራና በሽሮ ብቻ መወሰኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል፤ ድንች በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ይህ በቀን 2 ኪሎ ማለት ነው። አሁን የዓቢይ ጾምን እናስብ። ጾሙ 55 ቀን ሲሆን የሚውለውም በበጋ ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከማዕድ የሚርቁበት ጊዜና የጓሮው መሬት የሚደርቅበት ጊዜ በአንድነት ይመጣሉ። በተጠቀሰው ስሌት ለ55 ቀን የሚያስፈልገው 110 ኪሎ ይሆናል። ስለሆነም የጓሮ ዕቅድ ከክረምት ዝናብ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጾሙም ጋር መያያዝ አለበት። በክረምት የተተከለ ዱባ በደንብ ሲበስል ተለቅሞ በደረቅና ነፋሻ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። ሽንኩርትም እንዲሁ። ጎመን ከድንች ይልቅ ውርጭ ይችላል፤ በመሆኑም በጉና ዙሪያ ባሉ ደጋዎች በበጋ ለሚያዝ አነስተኛ መደብ ይስማማል።

አበሳሰሉም የትምህርቱ አካል ነው። ጥቁር አረንጓዴ ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይይዛሉ። ይህ ቪታሚን ሲጎድል ዓይን በምሽት ማየት ይሳነዋል፤ ዳፍንት የምንለው ነው። ንጥረ ነገሩ በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው ከጥቂት ዘይት ጋር ሲሆን ነው፤ በጾም ጊዜ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይበቃል። ጎመንን ለረጅም ጊዜ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ግን ከጥቅሙ ብዙውን አብሮ መድፋት ነው። በጥቂት ውሃ ለአጭር ጊዜ ማብሰል ይሻላል። ከምስርና ከሽሮ ጋር ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ቢበላ ደግሞ በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን የደም ማዕድን፣ ብረትን፣ ሰውነት በተሻለ ይቀበለዋል።

የሊቦ ከምከም ሕዝብ በ1997 ዓ.ም. የታወቀውን የካላዛር ወረርሽኝ አይረሳም። በሽታውን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ጎመን ዝንብን አያባርርም። ነገር ግን በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነት ለዚህ በሽታ ይበልጥ እንደሚሸነፍ በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። በደንብ የተመገበ ቤተሰብ በሽታ ሲመጣ የሚቋቋምበት አቅም አለው።

፪. ጓሮው ለጉልበት

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። መቆፈር፣ መኮትኮት፣ ማረምና ውሃ ማጠጣት ከዚህ ይቆጠራሉ። በደብረ ታቦር ወይም በወረታ ቢሮ ለሚውለው ሠራተኛ፣ ለባለ ሱቁ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ለጀመረው ጡረተኛ በቀን ግማሽ ሰዓት ጓሮ መሥራት መልካም ምክር ነው።

ይህን ምክር እንዳለ ወስዶ ለገበሬዋ መስጠት ግን ስሕተት ነው። እርስዋ ከሌሊት ጀምራ ስትፈጭ፣ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅምና ስታርም የዋለች ናት። የጎደላት ዕረፍት እንጂ እንቅስቃሴ አይደለም። ስሌቱን እንይ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። በበጋ ተክል በቀን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቢፈልግ 20 ካሬ ሜትር መደብ 80 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ይጠጣል። ምንጩ ሩቅ ከሆነ ይህ ሁሉ በአንዲት እናት ጀርባ የሚመላለስ ነው። እንዲህ ያለ ጓሮ በሪፖርት ላይ ቢያምርም ለባለቤትዋ ጤና አይሆንም። ስለዚህ በበጋ መደቡ ወደ 5 ካሬ ሜትር ይቀነስ። በሣር ጉዝጓዝ ከተሸፈነና በርኪና የሌለበት የዕቃ እጣቢ ሥሩ ላይ ከፈሰሰለት ተጨማሪ ጉዞ ሳይጠይቅ ጎመኑን ያቆያል። የጎደለው በዱባውና በሽንኩርቱ ይሞላል። መከር ካለቀ በኋላ ከብት ልቅ ስለሚለቀቅ አጥር ግድ ነው። የአጥሩ ሥራ የአባወራው ድርሻ መሆኑ ከመጀመሪያው ይነገር።

፫. ጓሮው ለአእምሮ

ደቡብ ጎንደር ከባድ ጊዜ አሳልፏል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ደርሷል፤ ደብረ ታቦርም የከባድ መሣሪያ ተኩስ ቀምሳለች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቷል። ልጅ የቀበረ፣ ከቤቱ የተፈናቀለ፣ እንቅልፍ ያጣና ነገር ሁሉ የጨለመበት ሰው በየቀበሌው አለ። የልማት ሠራተኛው በየጓሮው ሲዞር ከማንም በፊት ያገኘዋል።

ጓሮ ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ይሠራል? በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት 30 አትክልተኞች አእምሮ የሚያስጨንቅ ሥራ ተሰጣቸው። ከዚያም ግማሾቹ 30 ደቂቃ ጓሮ ሲሠሩ ሌሎቹ መጽሐፍ አነበቡ። በጭንቀት ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚጨምረው ኮርቲሶል የሚባለው ንጥረ ነገር ጓሮ በሠሩት ላይ ይበልጥ ቀነሰ። በአሜሪካ በዴንቨር አካባቢ 291 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናትም በጋራ የአትክልት ቦታ የሠሩት ሰዎች ጭንቀታቸው መቀነሱን አሳይቷል። እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት ከእኛ በተለየ ኑሮ ውስጥ ነው። የአሠራሩ ምክንያት ግን ለማንም ግልጽ ነው። ችግኝ በየቀኑ ይፈልግሃል፤ ስለዚህ ከአልጋ ያስነሣል። ዓይንና እጅ በአንድ ነገር ላይ ሲውሉ አሳብ ከሐዘን ለጥቂት ጊዜ ያርፋል። ዛሬ የተዘራው በሳምንት ውስጥ ሲበቅል ሰው ነገን መጠበቅ ይጀምራል። ጎረቤት ችግኝ ልትጠይቅ ስትመጣ ደግሞ ብቸኝነት ይቀላል።

ሆኖም እውነቱን እንናገር። ጓሮ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አይደለም። ከሰው የራቀ፣ መብላት የተወ፣ «ከመኖር መሞት ይሻላል» የሚል ሰው ሲገኝ የልማት ሠራተኛው ችግኝ ሰጥቶ መሄድ የለበትም። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነግሮ ሰውየው ከቤተሰቡ ጋር ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንዲደርስ ማድረግ ግዴታው ነው። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን የሐኪም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሁን።

፬. ጓሮው እንዳይጎዳ

በደጋው ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሥራት የእግር ማበጥን፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለውን ሕመም ያመጣል። ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር ሕመሙ ከአፈሩ ጋር መያያዙን አስረድተዋል። መከላከያው ጫማና በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ያልበሰለ ፍግ ወይም የሰው ዓይነ ምድር የነካው ውሃ የሆድ ትል ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ፍግ በጉድጓድ ውስጥ በስብሶ አፈር ከመሰለ በኋላ ብቻ ይደባለቅ።

ለገበያ ሽንኩርት የተገዛ የተባይ መርዝ ወደ ጓሮ ጎመን አይግባ። ነገ የሚበላ ቅጠል ዛሬ አይረጭም። የመርዝ ዕቃም በቤት ውስጥ ክፍት ሆኖ መቀመጥ የለበትም። ሕፃናት በስሕተት ይጠጡታል፤ በጭንቀት ላይ ያለ ሰውም በአንዲት ክፉ ሰዓት እጁን ሊሰድበት ይችላል። በቁልፍ መያዝ ሕይወት ያድናል።

፭. ምን ይደረግ?

ለልማት ሠራተኛው፦

ሀ) በጓሮ መዝገብ ላይ «የተሸጠ» ከሚለው ቀጥሎ «በቤት የተበላ» የሚል መሥመር በእጅም ቢሆን ይጨመር፤ በሳምንት ስንት ቀን አትክልት እንደተበላ ይጠየቅ።

ለ) መደብ ከመለካቱ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚሸከመው ይጠየቅ።

ሐ) ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በአንድነት ቤት ለቤት ይዞር። እርስዋ የቀነጨረውን ልጅ ታውቃለች፤ እሱ ዘሩን ያውቃል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት፦

ሀ) የጎመን፣ የካሮትና የቀይ ሥር ዘር ለአንድ ጓሮ በሚበቃ መጠን በትንንሽ ከረጢት ተከፍሎ ይቅረብ።

ለ) የተባይ መርዝ ሲሸጥ ቁልፍ ያለው ማስቀመጫ እንዲኖር ይመከር፤ የቦት ጫማም በመደብሩ ይገኝ።

ሐ) ከማኅበሩ መሬት ጥቂቱ ለውሃ ቅርብ በሆነ ቦታ ለአረጋውያን፣ ለባሎቻቸው ለሞቱባቸውና ለተፈናቀሉ ወገኖች የጋራ ጓሮ ይሁን። ቁፋሮውና አጥሩ በደቦ ይሠራ። ምርቱ ጥቂት ቢሆንም አብሮ መሥራቱ ራሱ ሰውን ይጠግናል።

ይህ ሁሉ አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው በሄድንበት ጓሮ ሁሉ አንድ ጥያቄ መጨመርን ነው። እኒያ እናት ስንት ኪሎ እንደሸጡ ካወቅን በኋላ፣ «እማማ፣ ቤተሰቡስ በላ? እርስዎስ ደኅና ነዎት?» ብለን እንጠይቅ። መልሱንም እንጻፈው።