ግራዚያኒ የፈራው ማሲንቆ

አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ያለው ማሲንቆ ምን ኃይል እንዳለው ከእኛ ይልቅ ጠላት ዐውቆ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ፣ የጣሊያን አገዛዝ ይወድቃል የሚል ወሬ ያሠራጫሉ ሲል፣ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተለቀሙ እንዲገደሉ አዘዘ። ራስ አበበ አረጋይ አርበኞቻቸውን ይዘው በተዋደቁበት በመንዝና በመርሐቤቴ ምድር ሽለላ የትግል ድምፅ ነበር።

ያ ሽለላ ዛሬ ከመድረክ ሲወጣ ግጥሙ ተቆርጦ፣ ታሪኩ ተረስቶ የጭፈራ ማሟሟቂያ ይሆናል፤ «የሕዝብ ዜማ» ተብሎም በደፈናው ይታለፋል። ሕዝብ ግን አገር አለው፤ ዘመን አለው፤ ቁስል አለው። «ዘመረ» ከሚለው ግሥ የወጣውን «አዝማሪ» የሚል ስም እንኳ ስድብ አድርገነው ኖረናል።

መምህሩ ዜማውን ሲያስተምር፣ ከያኒው ሲጫወት፣ ከየት እንደ መጣና ለምን እንደ ተዜመ አስቀድሞ ይናገር። ጠላት በጥይት የገደለውን አዝማሪ እኛ በዝምታ ደግመን አንግደለው።