መጥሪያው ለፌስቡክም ይድረስ!

በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ባሉ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች፣ ከስልክ ላይ የተነሱ የፌስቡክና የቲክቶክ ገጾችን አሳትሞ የሚወጣ ባለጉዳይ ማየት ብርቅ አይደለም። ዛቻውና ስም ማጥፋቱ ወረቀት ላይ ወርዶ ከመዝገብ ጋር ይያያዛል። ጽፏል የተባለው ሰው መጥሪያ ደርሶት ችሎት ይቆማል። ጽሑፉን ለሺዎች ያዳረሰው፣ ከጎኑም ማስታወቂያ የሸጠው ኩባንያ ግን አይጠራም።

ይህ ክፍተት የሚያስከፍለውን ዋጋ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ቤተሰብ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. በፕሮፌሰሩ ላይ የሚያነሳሱ ጽሑፎች ከነፎቷቸው ፌስቡክ ላይ ወጡ። ልጃቸው አብርሃም እንዲነሱለት ለኩባንያው አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ ከቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። በክሱ እንደተገለጸው፣ ከጽሑፎቹ አንዱ ደንብ የጣሰ ሆኖ መገኘቱ ለልጁ የተነገረው አባቱ በሞቱ በስምንተኛው ቀን ነው። አብርሃም ክሱን የመሠረተው ልደታ ሳይሆን፣ ፌስቡክ ለአካባቢው ይዘት የሚቆጣጠሩ ሠራተኞች በነበሩበት ናይሮቢ ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ሲል ተከራከረ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ያለው መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 2015 የተከፈተ መዝገብ እዚህ ለመድረስ ብቻ ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደ።

እኛ ሕግ አጥተን አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ሕገወጡን ይዘት እንዲያነሱ ያዛል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። 24 ሰዓቱን ላላከበረ ኩባንያ ግን አዋጁ ቅጣት አላስቀመጠም። የተደነገገው ግዴታውን ስለመወጣቱ ለሕዝብ ሪፖርት እንዲወጣ ነው። ግዴታ ያለ ቅጣት ደግሞ ከምክር አያልፍም።

የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2016 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የተገበረው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ሌላ መንገድ ያሳያል። ኅብረቱ ውስጥ ቢሮ የሌለው ኩባንያ ሕጋዊ ተወካይ ይሰይማል። ጽሑፉ የተነሳበት ሰው ምክንያቱ ይነገረዋል፤ ቅሬታም ያቀርባል። በወር 45 ሚሊዮን ተጠቃሚ ያላቸው ግዙፎች ለእያንዳንዱ የኅብረቱ የሥራ ቋንቋ ስንት ይዘት ተቆጣጣሪ እንደመደቡ ይፋ ያደርጋሉ። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ለሚናገረው ለማልታ ቋንቋ ይህ ቁጥር ይጠየቃል፤ በአሥር ሚሊዮኖች ለሚነገሩት ለአማርኛና ለኦሮምኛ ግን አይጠየቅም። ሕጉን የጣሰ እስከ ዓመታዊ የዓለም ገቢው 6 በመቶ ይቀጣል። ኤክስ ኅዳር 2018 ላይ 120 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል።

መፍትሔው ማጥፊያውን መጫን እንዳልሆነም አይተናል። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ሲገደቡ የተጎዳው በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴና ከዘመዱ የተቆራረጠው ሰው ነው። ሌባ ገባ ተብሎ ገበያ አይዘጋም።

ስለዚህ አዋጁ እንዲሻሻል እንጠይቃለን። ትልልቆቹ ኩባንያዎች መጥሪያ የሚቀበል ተወካይ አዲስ አበባ ላይ ይሰይሙ። በአገራችን ቋንቋዎች ስንት ሰው እንዳሠማሩ በየዓመቱ ያሳውቁ። ቅጣቱ ከገቢያቸው ጋር ይመጣጠን፤ የሚወስነውም ባለሥልጣን ሳይሆን ፍርድ ቤት ይሁን፤ ይግባኝም ይኑረው። ያለዚህ ጥንቃቄ ሕጉ ተቺን ዝም ማሰኛ ይሆናል። አንድ አገር ብቻውን ቢናገር ላይሰማ ስለሚችልም፣ መንግሥት ጉዳዩን ከልደታ ብዙም ወደማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ይውሰደው። አውሮፓውያኑም የተደመጡት 27 ሆነው ነው።

አባቱን በሕይወት ለማትረፍ ያመለከተ ልጅ መልስ ማግኘት የነበረበት በስምንተኛው ቀን ሳይሆን በ24 ሰዓት ነበር። ነገ እንደ እሱ የሚያመለክት ሰው መልስ ቢያጣ፣ ኩባንያውን ልደታ ላይ ከሶ ማቆም መቻል አለበት።