ለደረቅ ምድር ከስጦታ ይልቅ ነጋዴ ይሻለዋል

በአገራችን ስማቸውን ከገበያ ቀናቸው የወሰዱ ከተሞች ጥቂት አይደሉም። አርብ ገበያም አንዷ ናት። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ ከሚያልፈው ዋና መንገድ ወደ ደቡብ ገባ ብላ የምትገኝ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት። ነገር ግን ይህ ስም አዲስ አበባ ላይ ሲነሣ ስለ ገበያው የሚያወራ የለም። የሚነሣው ድርቁ፣ የእርዳታ ስንዴውና ሴፍቲኔቱ ነው። ስሟ ገበያ የሆነ ከተማ የምትታወቀው በእርዳታ ከሆነ፣ ጥያቄው ለመንግሥትና ለእርዳታ ድርጅቶች ብቻ የሚተው አይደለም። ነጋዴውም የሚመልሰው አለው።

የዚህ ጸሐፊ አቋም አጭር ነው። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ደረቃማ ቀበሌዎች የሚያስፈልገው ቴክኖሎጂ አዲስ ግኝት የሚጠብቅ አይደለም። አብዛኛው ተሞክሯል፤ ከፊሉም መርካቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የጎደለው ዕቃውን የሚሸጥ፣ ሲበላሽ የሚጠግንና ምርቱን መልሶ የሚገዛ ነጋዴ ነው። እስከ ዛሬ ቴክኖሎጂ ወደዚያ አካባቢ የገባው በአብዛኛው በዘመቻና በስጦታ ነው። በስጦታ የገባ ዕቃ ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

ዝናቡ ጠፍቷል ወይስ ቀኑን ስቷል?

ደረቅ አገር ሲባል ጭራሽ የማይዘንብበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ችግር ግን እንዲህ አይደለም። ክረምት ሲሆን ይዘንባል። ችግሩ ዝናቡ ዘግይቶ መግባቱና ቀድሞ መውጣቱ ነው። የሰኔው ወደ ሐምሌ ይገፋል፤ ሰብሉ ሊያፈራ ሲል ደግሞ፣ በጳጉሜንና በመስከረም፣ ሰማዩ ይዘጋል። በመካከሉ የወረደውም ከተራቆተው ተዳፋት ላይ አፈሩን ይዞ ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ገበሬው የዓመት ልፋቱን የሚያጣው ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ውሃ ነው።

እስቲ እንደ ነጋዴ እናስላው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። ሊያፈራ የተቃረበ ሰብል አንድ ጊዜ 50 ሚሊ ሜትር ይጠጣ ብንል፣ ለአንድ ሄክታር 500 ሜትር ኩብ፣ ለሩብ ሄክታር 125 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህ ትልቅ ግድብ የሚጠይቅ መጠን አይደለም። በሰው ጉልበት የሚቀዳም አይደለም፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 6,250 ጊዜ መሸከም ማለት ነው። ቴክኖሎጂ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የ1995ቱ ጉድጓዶች

ይህን ሂሳብ መንግሥትም አስቦት ነበር። የ1994 ዓ.ም. ክረምት ተዛብቶ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ በሆነበት ወቅት፣ በአማራና በትግራይ ክልሎች የቤተሰብ ውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ዘመቻ ተካሄደ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ገሚሱ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ገሚሱ ፕላስቲክ ተነጠፈበት። ሐሳቡ መልካም ነበር። ውጤቱስ? ብዙዎቹ አገልግሎት ሳይሰጡ ቀሩ። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፣ ፕላስቲኩ ተቀደደ፣ ደለል ሞላቸው። ክዳንና አጥር ያልነበራቸው ለሕፃናትና ለከብት አደጋ፣ ለወባ ትንኝም መራቢያ ሆኑ።

ምክንያቱን ከሥሩ ብናየው ጉድጓዱ የተቆፈረው በኮታ ነበር። በኮታ ሥራ ሹሙ የሚጠየቀው “ስንት አስቆፈርክ?” ተብሎ እንጂ “ስንት ኩንታል ተመረተበት?” ተብሎ አይደለም። የተቀደደውን ፕላስቲክ የሚተካ ሱቅም፣ የተሰነጠቀውን የሚደፍን ባለሙያም በቅርብ አልነበረም። 60 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ አፉ ድረስ ቢሞላ እንኳ፣ ከላይ ባየነው ስሌት የሩብ ሄክታርን ግማሽ አንድ ጊዜ በቅጡ አያጠጣም። ይኸው ውሃ በ120 ካሬ ሜትር ጓሮ ላይ ለሽንኩርትና ለቃሪያ ቢውል ግን 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደ መግዛት ይቆጠራል። ታዲያ ሽንኩርቱን ማን ይገዛዋል? ዘመቻ ይህን አይጠይቅም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ፎገራን ማን አስተማረው?

በዚያው በደቡብ ጎንደር ዞን ወደ ምዕራብ ወርደን ፎገራን እንይ። ዛሬ በሩዝና በሽንኩርት የሚታወቀው ይህ ሜዳ በሞተር ፓምፕ የሚያጠጣ ገበሬ ሞልቶበታል። ፓምፑን በቁጠባው የገዛ አለ፤ ከጎረቤቱ ተከራይቶ የሚያጠጣም አለ። ገንዘቡን እንዲያወጣ ያደፋፈረው የስብሰባ ንግግር ሳይሆን፣ ሽንኩርቱን ከማሳው ዳር በአይሱዙ የሚጭንለት ነጋዴ መኖሩ ነው። ገዢ ስላለ ፓምፕ ተገዛ፤ ፓምፕ ስለበዛ መካኒክ መጣ፤ መካኒክ ስላለ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ተከፈተ።

“ፎገራ እኮ ጣና፣ ርብና ጉማራ አሉት፤ ጋይንት ምን አለው?” የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጋይንት ውሃ ጥቂትና የተበታተነ ነው፤ ምንጭ፣ የገደል ሥር ጅረት፣ የእጅ ጉድጓድና ያቆረ ውሃ ነው። ስለዚህ የፎገራን ፓምፕ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። መገልበጥ ያለበት ሰንሰለቱ ነው፤ ሻጭ፣ ጠጋኝና ገዢ በአንድ ገመድ የተያያዙበት ሰንሰለት።

ምን ይሸጥ?

የመጀመሪያው ዕቃ በጣም ርካሹ ነው። በማሽላ ፈር መካከል በየጥቂት ሜትሩ አፈር እየመለሱ ፈሩን መገደብ የክረምቱን ውሃ በማሳው ላይ ያስቀረዋል። የመልካሳ ምርምር ማዕከል ለዚህ ሥራ ከአገራችን ማረሻ ጋር የሚገጠም በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠርቷል። የወረዳ ከተማ ብየዳ ቤት ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ፓምፕ መግዛት የማይችል ገበሬ በዚህ ይጀምር።

ሁለተኛው ዘር ነው። ማሽላ ያለበት ቆላ ሁሉ አቀንጭራን ያውቀዋል። ከሥር ተጣብቆ ሰብሉን የሚመጠምጥ አረም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በመሩት ምርምር አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎች ተገኝተው፣ ጎብዬና አብሽር በሚሉ ስሞች አገራችን ገብተዋል። ቶሎ የሚደርሱ የጤፍ ዝርያዎችም አሉ። ዝርያ ማውጣት የተመራማሪ ሥራ ነው፤ አባዝቶና አሽጎ በሰኔ መባቻ አርብ ገበያ ላይ ማድረስ ግን የነጋዴ ሥራ ነው። ሐምሌ የደረሰ ዘር ለገበሬው የሚቀጥለው ዓመት ዘር ነው።

ሦስተኛው ቶሎ የሚደርስ የገበያ ሰብል ነው። ቦሎቄና ማሾ በአጭር ዝናብ የሚደርሱ፣ መሬቱንም የሚያበለጽጉ ጥራጥሬዎች ናቸው። ሁለቱም በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የገቡ ሸቀጦች ናቸው። ገዢ ያላቸው መሆኑን የእህል በረንዳ ደላላ አሳምሮ ያውቃል። ጠላታቸው ነቀዝ ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ነቀዙን ያለ መድኃኒት በአየር እጦት ይገድለዋል። ገበሬው በኅዳር ዋጋ ተገዶ ከመሸጥ ይድናል፤ ነጋዴውም ያልተቀነበበ እህል ያገኛል።

አራተኛው በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ነው። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ከተደረገ ወዲህ የናፍጣና የቤንዚን ፓምፕ ወጪው ጨምሯል፤ ከዋና መንገድ ርቆ ለሚገኝ ቀበሌ ነዳጅ ማድረሱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የፀሐይ ፓነል ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። ፓምፑ ግን አሸዋ ከገባበት ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ፓምፕ ሸጦ የሚሄድ ሳይሆን ጎማና ማጣሪያ ይዞ አርብ አርብ የሚገኝ ሻጭ ያስፈልጋል። ሩብ ሄክታር ላለው ሰው መግዛቱ ካልተመቸው፣ ፓምፑን በጋሪ እያዞረ በሰዓት የሚያከራይ ወጣት ሁለቱንም ይጠቅማል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

“ገበሬው ሴፍቲኔት ላይ ያለ ነው፤ በምን ይከፍላል?” የሚለው የባለሀብቱ ትልቁ ሥጋት ነው። የተጋነነ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ፓነል ዋጋው በዚያው ልክ ዘሏል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚያስከትል ለጫኝ ነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ሆኖም በሩ ጭራሽ የተዘጋ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የመስኖና የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ታክስ ነፃ እንዲገቡ ተወስኗል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም ከብት፣ ሰብልና መሣሪያ፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ማሽን በኪራይ ግዢ የሚሰጡ እንደ ዋልያ ያሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶች በክልሉ ተቋቁመዋል። በዚህ ዓይነት ግዢ ፓምፑ ራሱ መያዣ ነው። ወርሃዊ ክፍያ ግን ለገበሬ አይስማማውም፤ ገንዘብ የሚያየው በምርት ጊዜ ነውና ክፍያው ከታኅሣሥና ከሚያዝያ ጋር ይታሰር። ምርቱን አስቀድሞ የተዋዋለ ነጋዴ ካለ ደግሞ አበዳሪው ገንዘቡ የሚመለስበትን መንገድ ያያል።

የድርቁ አደጋስ? በ2001 ዓ.ም. በትግራይ፣ ዓዲ ሃ በምትባል መንደር፣ ከሳተላይት በሚገኝ የዝናብ መረጃ ላይ የተመሠረተ ኢንሹራንስ 200 ለሚሆኑ ገበሬዎች ተሸጦ ነበር። ገንዘብ የሌላቸው አረቦኑን በጉልበት ሥራ ከፈሉ። ዝናቡ ከተወሰነው መጠን ካነሰ ገማች ማሳው ድረስ ሳይሄድ ካሳው ይከፈላል። ከፓምፕ ብድር ጋር ቢጣመር አንድ ክፉ ዓመት ገበሬውንም አበዳሪውንም ይዞ አይወድቅም።

ፀሐይ ነፃ ናት፣ ውሃ ግን አይደለም

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ይግባ። የነዳጅ ፓምፕ ባለቤት ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ያቆማል። የፀሐይ ፓምፕ ባለቤት የሚያቆመው ነገር የለም፤ የከርሰ ምድር ውሃ እስኪያልቅ ሊስብ ይችላል። በሕንድ ፑንጃብ በርካሽና በነፃ መብራት የሚሠሩ ፓምፖች የጉድጓዱን ውሃ ከዓመት ዓመት እያራቁት ሄደዋል። ከሩቅ ምሳሌም የራሳችን ይበቃል። ዓለማያ ሐይቅ ለጫትና ለአትክልት፣ ለከተማም ፍጆታ ሲሳብ፣ ደለልም ሲሞላው ቆይቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ አይተናል። ውሃው በኋላ ተመልሶ ቢታይም ትምህርቱ የሚረሳ አይደለም። ፓምፕ የሚሸጥ ነጋዴ ከጉድጓዱ በላይ ያለው ተዳፋት እርከን እንዲሠራለትና ከንክኪ እንዲጠበቅ ካልፈለገ፣ የራሱን ደንበኛ እያደረቀ ነው።

ነጋዴው ጻድቅ ነው ለማለት አይደለም። እህል ለዘር ብሎ የሚሸጥ፣ የወደቀ ፓምፕ ቀለም ቀብቶ የሚያቀርብ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። በደረቅ አገር እንዲህ ያለ አንድ ሻጭ የሚያጠፋው የራሱን ስም ብቻ አይደለም፤ የቀበሌውን እምነት ለዓመታት ይዘጋል። የመንግሥት ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ጥራት መቆጣጠርና ውል ማስከበር።

እርዳታ ሰጪውም አንድ ነገር ይለውጥ። ፓምፕና ከረጢት በነፃ ባደለ ቁጥር ሊከፈት የነበረውን ሱቅ ይዘጋል፤ ጎረቤቱ በነፃ ሲሰጠው አይቶ የሚገዛ የለምና። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው የቤተሰብን ጥሪት መጠበቅ ነበር። መርዳት የፈለገ ለገበሬው የዋጋ ማቃለያ ኩፖን ይስጠው፤ ገበሬውም ቀሪውን ከኪሱ ጨምሮ የሚፈልገውን ዕቃ ከፈለገው ሻጭ ይግዛ። ገንዘብ ያወጣበትን ዕቃ ይጠብቀዋል፣ ሲበላሽም ሻጩን ይጠይቃል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አርብ ገበያ ላይ አንድ ሱቅ፣ አንድ መካኒክ፣ በሰኔ የሚደርስ ዘርና በኅዳር የሚመጣ አንድ መኪና ይበቃል። መኪናው ባዶውን ላይመጣ ይችላል፤ ሲመጣ ከረጢትና ፓምፕ፣ ሲመለስ ቦሎቄና ሽንኩርት ይጭናል። የደርሶ መልስ ጭነት ትርፉ ምን እንደሆነ የዚህ ገጽ አንባቢ ከጸሐፊው ይበልጥ ያውቃል።