ከፍ አድርጋችሁት የት ልትሄዱ ነው?

አንድ ቪታራ ወይም ራቭ ፎር አለ እንበል። ባለቤቱ ስፔሰር አስገብቶ ከፍ አድርጎታል። ጎማው ጥርሱ እንደ ትራክተር ያገጠጠ ነው። ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳን፣ ከድንኳኑ ጎን ሁለት ጄሪካን፣ ከፊት ደግሞ ሌሊቱን ቀን የሚያስመስል የመብራት ረድፍ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ሲለቀቅ ላይኩ ይዘንባል፤ ኮመንቱ ሁሉ «አውሬ!» ነው። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ አውሬው የት ሊሄድ ነው?

ጥያቄዬ ከምቀኝነት እንዳይቆጠርብኝ። ከአዲስ አበባ ወጥቶ አገር ማየት የሚፈልግ ወጣት ሲበዛ ደስ ይለኛል። ላንድ ክሩዘር ለአብዛኞቻችን ላም አለኝ በሰማይ ስለሆነ፣ ባለችው ክሮስኦቨር መሞከሩም ተገቢ ነው። የምጣላው ከልማዱ ጋር ነው። «ኦቨርላንዲንግ» የሚባለውን ከውጭ ቪዲዮ ስንቀዳ ጉዞውን ትተን ዕቃውን ቀዳን። የምለው አጭር ነው፤ ክሮስኦቨርን ለገጠር መንገድ ማዘጋጀት በአብዛኛው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ሞዲፋይ ተደረገች የምትባለው መኪና ብዙ ጊዜ ፋብሪካ ከሠራት የባሰች ሆና ነው ከጋራዥ የምትወጣው።

እንዴት? ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1994 ራቭ ፎርን ሲያወጣ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ እንደ ቤት መኪና የሚመች፣ ትንሽ ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማ የሚሽከረከር። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ክሮስኦቨሮችም የዚሁ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ላንድ ክሩዘር አካሉ የሚያርፍበት ለብቻው የቆመ ሻንሲ አለው፤ የክሮስኦቨር ሻንሲና አካል ግን አንድ ነው። አብዛኞቹ በደህና መንገድ ላይ የሚነዱት በፊት ጎማ ነው። የፊቱ ሲንሸራተት በኮምፒውተር የሚታዘዝ ትንሽ ፍሪሲዮን ወደ ኋላ ጎማ ጉልበት ይልካል። ያ ፍሪሲዮን አሸዋ ውስጥ ሲታገል ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ሥራ ያቆማል። ቁልቁለትና አቀበት ላይ የሚያግዘው ተጨማሪ ከባድ ማርሽም አብዛኞቹ የላቸውም። አንዳንድ የግራንድ ቪታራ ሞዴሎች አላቸው፤ የታደለ ይጠቀምበት።

ታዲያ ስፔሰሩ ከዚህ ሁሉ የቱን ይለውጣል? አንዱንም። ከአሞርዛተሩ አናት የሚገባ ቁራጭ ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው። አካሉን ያነሳል፣ እውነት ነው። ስፕሪንጉና አሞርዛተሩ ግን ያው የድሮዎቹ ስለሆኑ ኮረኮንች ላይ የሚሻሻል ነገር የለም። ከካምቢዮ ወደ ጎማ ጉልበት የሚያደርሱት ዘንጎች ደግሞ ከታሰቡበት በላይ ተጣጥፈው ይዞራሉ። መታጠፊያቸውን የሚሸፍነው ላስቲክ ይቀደዳል፣ ግራሶው ይፈሳል፣ አቧራው ይገባል፤ በቃ፣ ዘንጉ አለቀለት። ጎማው ሲተልቅ ለሞተሩ ማርሹ ይከብደዋል፤ ፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያነባል፤ ፍሬኑም ይደክማል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የያዝናትን መኪና መተካት ቀላል አይደለም። ለፎቶ ብላችሁ የምትሰብሩት ዕቃ ነገ ሥራ የምትሄዱበት ነው።

አሁን ይህችኑ መኪና ይዘን ባሌ እንውጣ። ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ 4,000 ሜትር ይሻገራል። አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሲሶ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። እኛ ግን ጉልበቷ በሲሶ ለቀነሰ መኪና ትልቅ ጎማ፣ የብረት ፖርቶ መጋላ፣ ድንኳንና ጄሪካን አሸክመናታል። አብዛኞቹ ክሮስኦቨሮች እየተጓዙ ጣሪያቸው ላይ እንዲሸከሙ የሚፈቀድላቸው ከ70 እስከ 100 ኪሎ ገደማ ነው፤ የመኪናውን መጽሐፍ ገልጣችሁ እዩት። የጣሪያ ድንኳን ብቻውን 50 ወይም 60 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ፖርቶ መጋላውን ደምሩ፣ ጄሪካኖቹን ደምሩ። ሒሳቡ አለቀ።

መውጣቱ ይቅር፣ መውረዱ ነው የሚያስፈራው። ከአምባው ጫፍ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ የከበደ መኪና ኩርባ ላይ ይጋደማል፤ ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረግጡት ወለሉን እንጂ መኪናውን አይዝም። ውስጥ ያሉት ጓደኞቻችሁ ናቸው። ለእነሱ ስፔሰሩ ጌጥ አይደለም፣ አደጋ ነው።

በዚያው መንገድ ላይ ማን ይቀድማችኋል? ሰውና ጆንያ የጫነ አውቶብስ። አይሱዙ። ስኖርክል የላቸውም፣ የመብራት ረድፍ የላቸውም። ያላቸው መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ነው። የቱ ኩርባ ላይ ጭቃ እንደሚተኛ፣ መቼ ማርሽ እንደሚከብድ፣ ወንዝ ሞልቶ እንደሆነ ወርዶ በእግር መለካት እንዳለበት ያውቃል። እኛ ይህን እውቀት በብረት ልንገዛው ነው የምንፈልገው። አይሸጥም።

«እና ምንም አናድርግ ነው የምትለው? ድንጋይ የዘይቱን ኮፓ ቢመታውስ?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኮፓው ሥር ጠንካራ የብረት መከላከያ አስገጥሙ፤ ማንም አያየውም፣ ላይክ አያመጣም፣ ሞተራችሁን ግን ያድናል። ከዚያ ጎማ። በልኩ የሆነ፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን፣ አራቱም አንድ ዓይነትና እኩል ያለቁ። ሁለት አዲስ ከሁለት ያለቀ ጋር መቀላቀል የለመድነው ቁጠባ ነው፤ በእነዚህ መኪኖች ላይ ግን ያን ትንሽ ፍሪሲዮን ያለዕረፍት ያሠራዋል። ትርፍ ጎማችሁ ሙሉ ጎማ ይሁን እንጂ ያቺ ቀጭኗ አትሁን።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፋስ። አስፋልት ላይ 33 ወይም 35 የምትሞሉትን ጎማ ኮረኮንች ላይ ወደ 25 አካባቢ፣ አሸዋ ላይ ከ20 በታች ዝቅ ስታደርጉት መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል ይረዝማል። የነፋስ መለኪያ፣ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ፣ አካፋ፣ ደህና መጎተቻ ገመድ፣ በቂ ውኃ። አስፋልት ስትደርሱ መልሳችሁ ንፉት፤ በጎደለ ጎማ መፍጠን ጎማውን ያፈነዳዋል። የተረፈውን ብር ለነዳጅ አውሉት። መንገድ የሚያስተምረው መሄድ ነው።

«መኪናው የራሴ ነው፣ የሚያምረኝን ላድርግበት» የሚል ደግሞ አለ። ጌጥ ነው ካላችሁ ምርቃቴ ነው፤ ቦሌን ዙሩበት። ዝግጅት ነው አትበሉን እንጂ።

የመጨረሻው ነገር ግን ከመኪናው ይከብዳል። ከምናያቸው የአሜሪካ ቪዲዮዎች ብዙዎቹ የሚቀረጹት እንደ ዩታና ኔቫዳ ባሉ ቦታዎች፣ ሰፊ የመንግሥት መሬት ላይ፣ ለመኪና ተብለው በተለዩ መሄጃዎች ነው። እኛ ዘንድ «ከመንገድ ውጪ» ማለት የአንድ ሰው ጤፍ ነው። የግጦሽ መሬት ነው። ሴቶች ውኃ ቀድተው የሚመለሱበት ቀጭን መንገድ ነው። ሳነቴ ላይ ደግሞ የፍልፈል ጉድጓድ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ውስጥ ነው። ዋና ምግቡ ያ እዚያው ብቻ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈል ነው። ለአንድ ቪዲዮ ብሎ ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩ ላይ መኪና ያሽከረከረ ሰው የሚረግጠው ያንን ጉድጓድ ነው።

«ኦቨርላንደር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው አውስትራሊያ ውስጥ ከብት እየነዱ አገር ከሚያቋርጡ እረኞች ነው። እኛም ከእነሱ የማያንሱ ነበሩን፤ ሲራራ ነጋዴዎቻችን አሞሌ ጨው ጭነው ከአፋር እስከ ደጋው አገር ሲያቋርጡ ኖረዋል። ሲራራ ነጋዴ የአጋሰሱ ጀርባ እንዳይገጠብ ጭነቱን ይመጥናል፣ በሰው ማሳ ላይ አይነዳም፣ ያለፈበትን አገር ሰው ስም ያውቃል። ከውጭ ቪዲዮ በፊት መማር የነበረብን ከእሱ ነው።

ስለዚህ ድንኳኑን ከጣሪያ አውርዱት። ጎማውን እዩት፣ ነፋሱን ለኩት። ከዚያ ሂዱ፤ መንገዱን ሳትለቁ።