የጓሳ ሣር ጠባቂ አለው፤ የሐይቅ ዋናተኛስ?

የመንዝ ሰው ጓሳን ያቆየው አጥር አጥሮ አይደለም፤ ተረኛ መድቦ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ብርዳም ደጋ፣ ቀሮ በሚባለው ነባር ሥርዓት፣ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ መቼ እንደሚታጨድ በጋራ ይወሰናል፤ ጥበቃውን ነዋሪው ይወጣዋል፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል።

ለሣር ይህን ያህል የተጠበበ አገር፣ በሐይቅ ውስጥ ረጅም ርቀት ለመዋኘት ለሚለማመድ ሰው ግን ተረኛ አላበጀለትም። አብዛኛው ሰው «ዋና ይችል የለም እንዴ?» ብሎ ያልፈዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፍራን ክሪፐን ዋና ይችል ነበር። በዓለም ደረጃ የታወቀ አሜሪካዊ የረጅም ርቀት ዋናተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ፉጃይራ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ፣ በሞቃት ባሕር ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው 26 ነበር። መጥፋቱ የታወቀው ሌሎቹ ውድድሩን ጨርሰው ከወጡ በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከዚያ ወዲህ ውሃው ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከበለጠ ውድድር እንዳይካሄድ ደንግጓል። ዳኛና ጀልባ ባለበት ውድድር እንዲህ ከሆነ፣ ማለዳ ብቻውን ላንጋኖ የሚገባ ልምምደኛ ምን ዋስትና አለው?

የእኛ ሐይቆች ደግሞ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማና ድፍርስ ስለሆነ የሰጠመ ሰው ከላይ አይታይም። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፤ ከዳር ጥቂት እንደራቁ እግር መሬት አያገኝም። ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበል ያስነሳል፤ ጉማሬና ቢልሃርዚያም አለ። በደጋ ውሃ ዋናው ጠላት ብርድ ነው፤ ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ ትንፋሹን ይስባል፤ አፉ በዚያች ቅጽበት ውሃ ውስጥ ከሆነ ጉልበትም ልምድም አያድነውም። እንዲህ ሲያጋጥም መታገል ሳይሆን በጀርባ ተንሳፎ ትንፋሽ እስኪመለስ መጠበቅ ነው የሚበጀው። አበው ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

«ጀልባና ሕይወት አዳኝ መቅጠር ውድ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ለአንድ ወጣት ልምምደኛ ውድ ነው። ነገር ግን ጥበቃ የግድ በሞተር ጀልባ አይጀምርም። መንገዱንና የመውጫ ሰዓቱን የሚያውቅ፣ ዓይኑን ከውሃው የማይነቅል አንድ ጓደኛ ዳር ላይ ይቁም። ዋናተኛው መሐል ለመሐል ሳይሆን ዳሩን ይዞ ይዋኝ። ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ኮፍያ ያድርግ፤ በአየር የተሞላ ተንሳፋፊ በወገቡ አስሮ ይጎትት። ራቅ ብሎ ለመሄድ ከፈለገ፣ የአካባቢውን ዓሣ አስጋሪ ከነጀልባው ይያዝ፤ የውሃውን ጠባይ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የቀረው የተቋማት ድርሻ ነው። ከሐይቁ ዳር ገቢ የሚሰበስቡ ሪዞርቶችና የከተማ አስተዳደሮች፣ ከዋና ፌዴሬሽኑ ጋር ሆነው፣ የልምምድ ክልልና ሰዓት መለየት፣ መግቢያና መውጫ መመዝገብ፣ ተረኛ መመደብ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ወደ 300,000 ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ አብዛኞቹም እንደኛ ባሉ አገሮች ነው።

መንዜ ሣሩን ለመጠበቅ የውጭ አማካሪ አላስፈለገውም፤ ደንብ አወጣ፣ ተረኛ አቆመ። ቢሾፍቱና ሐዋሳ ለሰው ሕይወት ይህንኑ ማድረግ አያቅታቸውም። እስከዚያው ድረስ ግን ዳር ላይ የሚቆምለት ሰው ያላገኘ ልምምደኛ የዚያን ቀን ባይገባ ይሻለዋል።