ከውሳኔው ኋላ የሚመጣ ቫዮሊን

«ሙዚቃ ድንበር የለውም» የምትለዋ አባባል ኦርኬስትራ ወደ ባላንጣ አገር በተጓዘ ቁጥር አብራ ትሳፈራለች። ድንበርማ አለው፤ ቪዛውን የሚመታው መንግሥት ነው፤ መቼ እንደሚመታውም ያውቃል።

የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 በሰሜን ኮሪያ ዋና ከተማ ፒዮንግያንግ ያቀረበው ኮንሰርት የዚህ እምነት ዋና ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል። ምሽቱ ያምር እንደነበር አልክድም። የሁለቱ አገሮች ባንዲራ በአንድ መድረክ ቆመ፤ ሁለቱም ብሔራዊ መዝሙሮች ተሰሙ፤ ሎሪን ማዜል የድቮርዣክን «አዲሱ ዓለም» ሲምፎኒ መሩ፤ ማሳረጊያው ላይ ኮሪያዊ ሁሉ የሚያውቀው «አሪራንግ» ሲመጣ ታዳሚው ቆሞ አጨበጨበ። ታዳሚው ግን መንግሥት መርጦ ያስቀመጠው ነው። የአገሪቱ መሪ ኪም ጆንግ ኢልም ብቅ አላሉም። በቀጣዩ ዓመት በሜይ ወር አገሪቱ ሁለተኛውን የኒውክሌር ሙከራዋን አደረገች።

ለቦምቡ ቫዮሊኑን አልወቅስም። ያኔ ይካሄድ የነበረው የኒውክሌር ድርድር ቢሰምር ኖሮ ግን ምስጋናውን ጠቅልለው ለቫዮሊኑ ሊሰጡ ያሰፈሰፉ ነበሩ፤ ጠቤ ከእነሱ ጋር ነው። ኦርኬስትራው የሄደው የሰሜን ኮሪያ የዮንግብዮን ኒውክሌር ሬአክተር በ2007 ሥራ ካቆመና ድርድሩ ከሞቀ በኋላ ነው። የፊላደልፊያ ኦርኬስትራም ቻይና የገባው በ1973፣ ኒክሰን ቤጂንግን በረገጡ በዓመቱ ነበር። በሩን የሚከፍቱት ሌሎች ናቸው፤ ሙዚቀኛው በተከፈተው ይገባል። ሲዘጋም አይጠየቅም፦ ቦስተን ሲምፎኒ በሴፕቴምበር 1956 ሌኒንግራድና ሞስኮ ላይ ተጫወተ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት ገቡ።

ደግሞስ ሙዚቃ በባሕርይው አስታራቂ ከሆነ፣ ቫለሪ ገርጊየቭ በ2016 የማሪንስኪን ኦርኬስትራ ይዘው በሶሪያ፣ በጥንታዊቷ ፓልሚራ ፍርስራሽ መሐል ያቀረቡትን ኮንሰርት ምን ልንለው ነው? የሩሲያ ጦር ድል ማድመቂያ ነበር። የባኽ ሥራም ተጫውተውበታል፤ እንደ ወትሮው ውብ ነው።

ከፒዮንግያንጉ ጉብኝት ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ብዙ ያልተወራለት ነው። ከፊልሃርሞኒኩ ጥቂት ተጫዋቾች ከአገሬው ሙዚቀኞች ጋር ተቀምጠው የሜንደልሶንን ኦክቴት ተጫወቱ። ስምንት ሰው፣ እኩል ለእኩል፤ ማንም እንግዳ፣ ማንም ታዳሚ አይደለም። ለዚህ ባንዲራም፣ የቀጥታ ሥርጭትም፣ ከመቶ በላይ ሰው የጫነ አውሮፕላንም አያስፈልግም። የባህል ዲፕሎማሲ በጀት የሚመድቡ ሰዎች ለአንድ ምሽት ጭብጨባ የሚያወጡትን ገንዘብ ወራት ተቀምጦ ለሚያስተምር ሙዚቀኛ ቢያውሉት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉብኝቱ ምላሽ እንዲኖረው አጥብቀው ቢጠይቁ እሰማቸው ነበር። የሰሜን ኮሪያ ኦርኬስትራ ግን ኒውዮርክ መጥቶ አልተጫወተም።