ፈተና አዳራሽ ስልክ አይገባም

ሐረር ያላችሁ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ በተለይ የመውጫ ፈተና የተቃረበባችሁ፣ ልብ በሉ! ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት ቻትጂፒቲ የሚያስጠናችሁ መስሎ እያዘናጋችሁ ሊሆን ይችላል።

ጣሉት አልላችሁም። መምህር በማይገኝበት ሌሊት የኩላሊትን አሠራር በአቅማችሁ ልክ፣ ሳይሰለች ደጋግሞ የሚያስረዳ አስጠኚ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። እሱ ሲያብራራ ሁሉም ነገር የገባችሁ ይመስላችኋል፤ ብቻችሁን ስትጠየቁ ግን አፋችሁ ይያዛል።

በቱርክ 1,000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የሒሳብ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ቻትቦት በእጃቸው ሳለ የልምምድ ውጤታቸው በ48 በመቶ ጨመረ። ያለ እሱ ሲፈተኑ ግን፣ ጨርሶ ካልተጠቀሙት ተማሪዎች በ17 በመቶ አነሰ። መልሱን ሳይናገር ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ የተዘጋጀው ቻትቦት ግን ጉዳቱን በአብዛኛው አስቀርቷል።

የእኛን አገር ፈተና ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት መስኮች ሲጀመር ከ150 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት 41 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

የወደቀ ተመልሶ ይፈተናል። በሕይወት ፋና ሆስፒታል አልጋ ላይ የተሠራ ስሕተት ግን ማረሚያ ላይኖረው ይችላል። ቻትቦት የመድኃኒት መጠን ያሳስታል፤ የሌለ ጥናትም አለ ብሎ ይጠቅሳል፤ ሁሉንም በሙሉ ልብ ነው የሚናገረው። ተሳስታችሁ ብትከራከሩት እንኳ “ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ” ብሎ አብሯችሁ ሊሳሳት ይችላል። ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር የመጡ እናት ሕመማቸውን በኦሮምኛ፣ የጁገል አዛውንት በሐረሪኛ ሲነግሯችሁ አዳምጦ መጠየቅና መመርመር የእናንተ ፋንታ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ፦

መጀመሪያ መልሱን ራሳችሁ ጻፉ፤ ከዚያ እንዲያርማችሁ ስጡት።

“መልሱን አትንገረኝ፣ ጠይቀኝ” በሉት።

የመድኃኒት መጠንን ከአገሪቱ የሕክምና መመሪያና ከመምህራችሁ ሳታመሳክሩ አትመኑ።

የታካሚን ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም ፎቶ በፍጹም አታስገቡበት። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ የሚሻ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ስልክ ዘግታችሁ በቡድን ተጠያየቁ።

መምህራንም የቤት ሥራ ተቀብላችሁ ብቻ አትለፉ። ተማሪውን አስቁማችሁ “ለምን?” በሉት፤ የቃል ጥያቄ ያልገባውን ቶሎ ያጋልጣል።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ባዶ ወረቀት አውጡና ባለፈው ሳምንት የተማራችሁትን በቃላችሁ ጻፉ። መጻፍ ያቃታችሁን ገና አልተማራችሁትም፤ ጥናታችሁን ከዚያ ጀምሩ።